ስለ ሞምባሳ ከተማና ወደ እርስዋ ስለሚመጡ እንግዶች

ሞምባሳ በኬንያ አገር በህንድ ውቅያኖስ ዳር ያለች ጥንታዊት ከተማ ናት። ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ አራት ዲግሪ ያህል ርቃ ስለምትገኝ አገርዋ ቈላ ነው፤ ዓመቱን ሁሉ ሙቀት አይለያትም። የከተማዪቱም ልብ የተሠራው በደሴት ላይ ነው። ባሕሩ እንደ ሁለት ክንድ ሆኖ ደሴቲቱን በግራና በቀኝ አቅፎ ይዟታል፤ በሰሜን በኩል ያለው ክንድ የጥንቱ የሸራ መርከቦች ወደብ ነበረ፥ በደቡብ በኩል ያለውና ኪሊንዲኒ የሚባለው ጥልቅ ክንድ ደግሞ ለዛሬዎቹ ታላላቅ መርከቦች ወደብ ሆኗል። ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው በኛሊ ድልድይ ይሻገራል፤ ወደ ናይሮቢ የሚወጣ በማኩፓ በኩል ያልፋል፤ ወደ ደቡብ የሚሄድ ግን በሊኮኒ ማሻገሪያ መርከብ ላይ ከሰውና ከመኪና ጋራ ተጋፍቶ መሻገር ልማዱ ነው። በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በሞምባሳ 1208333 ሰው ተገኝቷል፤ በኬንያም ከናይሮቢ ቀጥላ ሁለተኛዪቱ ከተማ ናት። ከዚህ በታች የሚጻፈውም ዓመት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከደሴቲቱ ወደ ሰሜን በኛሊ፥ በባምቡሪና በሻንዙ፥ ወደ ደቡብም በዲያኒ ያለው የባሕር ዳር አሸዋ እንደ ዱቄት የላመና ነጭ ነው። ከዳሩ ጥቂት ራቅ ብሎ በባሕሩ ውስጥ ረጅም የድንጋይ ቅጥር አለ። ይህንም ቅጥር ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረቶች በብዙ ሺህ ዘመን ሠርተውታል። ከውቅያኖሱ የሚመጣው ማዕበል በዚህ ቅጥር ላይ ተሰብሮ ስለሚቀር፥ በቅጥሩና በዳሩ መካከል ያለው ውሃ እንደ ኵሬ የረጋ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይጐድላል፤ በጐደለ ጊዜ ሰው በእግሩ ወደ ቅጥሩ አቅጣጫ ርቆ ለመሄድ ይችላል። ነገር ግን የሙላቱን ሰዓት ሳይጠይቅ የሄደ እንደ ሆነ ውሃው ከኋላው ዞሮ ያገኘዋልና፥ የአገሩን ዐሣ አጥማጅ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

ሞምባሳን ከተማ ያደረጋት ነፋስ ነው። ከኅዳር ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ ካስካዚ የሚባል ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ደግሞ ኩሲ የሚባለው ከደቡብ ይነፍሳል። በጥንት ዘመን የዓረብ፥ የፋርስና የህንድ ነጋዴዎች ሸራቸውን ዘርግተው በካስካዚ ይመጡ ነበር፤ ቴምርና ጨርቅ ምንጣፍም ያመጣሉ፥ የዝሆን ጥርስና ለቤት ጣራ የሚሆን የማንግሮቭ እንጨት ይወስዳሉ። ይሁን እንጂ የመጣ ነጋዴ ሁሉ በፈለገው ቀን ለመመለስ አይችልም፤ ነፋሱ እስኪዞር ድረስ በከተማዪቱ መቀመጥ ግድ ይሆንበታል። በዚህም ምክንያት ቤት ይከራያል፥ ቋንቋ ይማራል፥ ከአገሩም ሰው ጋራ ይጋባል፤ ልጁም በዚያው ያድጋል። ስዋሂሊ የተባለው ሕዝብና ቋንቋ እንዲህ ባለ ኑሮ መካከል አደገ። ቋንቋው በሥሩና በሰዋስው የአፍሪካ የባንቱ ቋንቋ ነው፥ ከዓረብኛም ብዙ ቃል ተቀብሏል፤ ስሙም በዓረብኛ የባሕር ዳር ማለት ከሆነው ቃል የወጣ ነው።

በአማርኛ እንግዳ የሚለው ቃል ከደጅ የደረሰውን ጋብዘን የምናስገባውን ሰውም ይሆናል፥ ከየት እንደ መጣ የማናውቀውንም ይሆናል። በስዋሂሊም እንዲሁ ምጌኒ ማለት ሁለቱንም ነው። እንግዳም በመጣ ጊዜ ካሪቡ ይሉታል፤ ይኸውም ቅረብ ማለት ነው። ቃሉ ከዓረብኛ ቢገኝም፥ ግዕዝ የተማረ ሰው ቀርበ የሚለው ግስ ዘመዱ እንደ ሆነ ወዲያው ያስተውላል። እንግዲህ ሞምባሳን ስለ ጐበኙ ሰዎች ታሪክ ሲነገር የሚጠየቀው ነገር ይህ ነው፤ ቅረብ የተባለው እንግዳ እንዴት ሆኖ ቀረበ?

በ1331 ኢብን ባቱታ የተባለው የሞሮኮ ተወላጅ መንገደኛ በሞምባሳ አንድ ሌሊት አድሮ ነበር። ያየውንም በጽሑፍ ሲናገር የሕዝቡ ምግብ ሙዝና ዐሣ እንደ ሆነ፥ መስጊዶቻቸውም በእንጨት በጥሩ አሠራር እንደ ተሠሩ፥ በየመስጊዱም ደጅ ጕድጓድ እንዳለና ሊገባ የሚወድ ሁሉ ውሃ ቀድቶ እግሩን እንደሚታጠብ ይናገራል። ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ሲሆን ሰዎቹ እግራቸውን እንዴት እንደሚታጠቡ ማስተዋሉ ሊመሰገን ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡት እንግዶች ጠባያቸው ሌላ ነበረ። በ1498 የፖርቱጋል ሰው ቫስኮ ዳ ጋማ በሞምባሳ ፊት ደረሰ፤ እርሱ ሕዝቡን ጠረጠረ፥ ሕዝቡም እርሱን ጠረጠረው፤ ስለዚህ ወደ ማሊንዲ አልፎ ሄደና በዚያ መልካም አቀባበል አግኝቶ መንገድ መሪ ተሰጠው፥ ወደ ህንድም ተሻገረ። በ1505 ግን ሌላ የፖርቱጋል ጦር መጥቶ ሞምባሳን ዘረፈ፥ ቤቱንም አቃጠለ። በ1593 ደግሞ በባሕሩ መግቢያ ላይ ታላቅ የድንጋይ ምሽግ መሥራት ጀመሩ፤ ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የሚባል ኢጣልያዊ ነበረ። ስሙንም ፎርት ጂሰስ፥ ማለት የኢየሱስ ምሽግ አሉት። ጠላቶቻችሁን ውደዱ ብሎ ባስተማረው ጌታ ስም መድፍ የተጠመደበትን ግንብ መጥራታቸው፥ ስሙን ለሚሰማ ክርስቲያን ሁሉ የሚያሳዝን ነገር ነው።

የዚህንም ፍሬ ሳይቈዩ አዩት። የሞምባሳ ሱልጣን ሐሰን በ1614 በፖርቱጋሎች ተንኰል በተገደለ ጊዜ፥ ዩሱፍ የተባለውን ሕፃን ልጁን ወደ ጎዋ ወደ ህንድ አገር ወሰዱት። በዚያም በመነኰሳት ዘንድ ተማረ፥ ተጠመቀ፥ ዤሮኒሞም ተባለ። ካደገ በኋላ በአባቱ ዙፋን ሊያስቀምጡት ወደ ሞምባሳ መለሱት። የምሽጉ አለቃ ግን ይንቀውና ያዋርደው ነበር፤ በስውርም ወደ አባቱ መቃብር እየሄደ እንደ እስላም ሥርዐት ሲጸልይ ታየ ተብሎ ሊከሰስ እንደ ነበረ ይተረካል። በ1631 በነሐሴ ወር ሰዎቹን አስከትሎ ወደ ምሽጉ ገባ፤ አለቃውንም በገዛ እጁ ገደለው ይባላል። በከተማው የነበሩትም ፖርቱጋሎችና እስላም አንሆንም ያሉ የአገሩ ክርስቲያኖች ብዙዎቹ ተገደሉ። ይህ ግፍ ግፍ ከመሆን የሚያድነው ምክንያት የለም። ነገር ግን አባቱን የገደሉበትን ልጅ ፊደል አስቈጥረው ካጠመቁት በኋላ እንደ ባሪያ የናቁት ሰዎች፥ ምን ዓይነት ትምህርት እንዳስተማሩት መምህር የሆነ ሁሉ ሊያስብበት ይገባል። ዩሱፍም ምሽጉን ይዞ ብዙ አልቈየም፤ በ1632 ትቶት በመርከብ ወጣ፥ ከዚያም በኋላ በባሕር ላይ ሲንከራተት ሞተ።

ፖርቱጋሎች ተመልሰው ቢገቡም በ1696 በመጋቢት ወር የዖማን ዓረቦች መጥተው ምሽጉን ከበቡት። ከበባው 33 ወር ያህል ቈየ። በውስጥ የተዘጉት ሰዎች፥ ፖርቱጋሎችም ከእነርሱ ጋራ የተጠጉት የአገሩ ተወላጆችም፥ ከጦር ይልቅ በረኃብና በበሽታ አለቁ። በ1698 በታኅሣሥ ምሽጉ ሲያዝ በውስጡ የቀሩት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግንቡ ከባለቤት ወደ ባለቤት ተላልፎ፥ በእንግሊዞች ዘመን ከ1895 እስከ 1958 ድረስ ወህኒ ቤት ሆነ፤ ዛሬ ግን ቤተ መዘክር ነው። በ2011ም ዓለም ሁሉ እንዲጠብቃቸው ከተመዘገቡት ቅርሶች ጋራ ተቈጠረ። ጐብኚ ሁሉ አስቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ከግንቡ በላይ ሆኖ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ኛሊ የሚመለከት ሰው ግን፥ ከዚያ ማዶ የአንዲት ሴት መቃብር እንዳለ ማወቅ አለበት። ታሪኩም ኢትዮጵያን ይነካል።

ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለ የጀርመን አገር የወንጌል መልእክተኛ በ1837 ወደ ዓድዋ መጥቶ ነበር፤ ከዚያ በወጣ ጊዜ በሌላ መንገድ ዞሮ በ1839 ወደ ሸዋ ገባ፥ በአንኮበርም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ እስከ 1842 ድረስ ተቀመጠ። ወደ ግብፅ ወርዶ ሮዚና የምትባለውን ሚስቱን አግብቶ ሲመለስ ግን የሸዋው መንገድ ተዘጋበት። በ1843 በምጽዋ በኩል ለመግባት ሲሞክሩ ሚስቱ በበረሃ ያለ ቀንዋ ሴት ልጅ ወለደች። ክራፕፍም ሕፃኒቱን በአማርኛ እንባ ብሎ አጠመቃት። ወዲያው ሞተች፤ በመንገድ ዳርም ቀበርዋት። ስሟን በማን ቋንቋ እንዳወጣላት ልብ ይሏል፤ በኀዘኑ ቀን አፉ ላይ የመጣለት ቃል የባዕድ አገር ቃል ነበረ።

ከዚያ በኋላ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ በደቡብ በኩል መንገድ አገኛለሁ ብሎ አሰበና በ1844 ወደ ዛንዚባር ሄደ። የዛንዚባሩ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ እስላም ሲሆን በመልካም ተቀበለው፥ ለሹማምንቱም የአደራ ደብዳቤ ጻፈለት። በግንቦት በሞምባሳ ተቀመጠ። በሐምሌ ሁለቱም፥ እርሱና ሚስቱ፥ በንዳድ ታመሙ፤ ሮዚና ሴት ልጅ በወለደች በጥቂት ቀን ሞተች፥ ሕፃኒቱም ተከተለቻት። በደሴቲቱ ማዶ በየብስ ተቀበሩ።

ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ባገኘው ጊዜ ወደ አገሩ ቢመለስ አይፈረድበትም ነበር። ክራፕፍ ግን ተቀመጠ፤ ገና በመጣ በወሩ የጀመረውን የኦሪት ዘፍጥረት ትርጕም ወደ ስዋሂሊ ቀጠለ። በቋንቋውም ጥናት ከከተማው የእስልምና ዳኞች አንዱ እንደ ረዳው ይነገራል። ጓደኛው ዮሐንስ ሬብማን በ1846 መጣለትና ሁለቱ ከከተማው ወጣ ብሎ በራባይ ኰረብታ ላይ ተቀመጡ። ሬብማን በ1848 ኪሊማንጃሮን፥ ክራፕፍ በ1849 የኬንያን ተራራ በረዶ ለብሰው አዩአቸው፤ በአውሮፓ በወንበር ላይ የተቀመጡ ሊቃውንት ግን በምድር ወገብ አጠገብ በረዶ ሊኖር አይችልም ብለው አላመኑአቸውም። አገሩ ሁሉ ዛሬ ኬንያ የሚባለው በዚያ ተራራ ስም ነው። ክራፕፍ የደከመበት የስዋሂሊ መዝገበ ቃላት የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1882 ነበረ።

ያ ንዳድ ከምን እንደሚመጣ በዚያን ዘመን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከመጥፎ አየር ነው ይሉ ነበር። የወባ ትንኝ እንደምታስተላልፈው በ1897 በህንድ አገር ሮናልድ ሮስ የተባለ ሐኪም አገኘ። ስለዚህ ዛሬ ወደ ሞምባሳ የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት ሐኪም ጠይቆ የመከላከያውን መድኀኒት ሊውጥ፥ ሌሊትም በአጎበር ውስጥ ሊተኛ፥ ከመሸ በኋላም እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ሊለብስ ይገባል። ከተመለሰም በኋላ ትኵሳት ቢይዘው ቈላ አገር ሄዶ እንደ ነበረ ለሐኪሙ መናገር አይርሳ። አንድ አጎበር ዋጋው ትንሽ ነው።

ነፋሱ ስላመጣው ንግድ ሲነገር ዝም ተብሎ የማይታለፍ ነገር አለ። እነዚያ የሸራ መርከቦች ከዝሆን ጥርስ ጋራ ሰውንም ጭነው ይሄዱ ነበር። በ1873 የዛንዚባር ሱልጣን በእንግሊዞች ግፊት የባሪያን ንግድ በባሕር ከለከለ። በ1875ም ከመርከብ ላይ ነጻ የወጡት ሰዎች የሚቀመጡበት ፍሬር ታውን የሚባል መንደር በሞምባሳ ማዶ ተሠራ፤ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያንም ነበረው። በመንደሩ ደወል ተሰቅሎ ነበር፤ የባሪያ ነጋዴ መርከብ በታየ ጊዜ ሰው እንዲሸሸግ ይደወል ነበር ይባላል። ደወል በስዋሂሊ ኬንጌሌ ነው፤ ሰፈሩም ዛሬ ኬንጌሌኒ ይባላል። በዚያ የሚያልፈው መኪና ብዙ ነውና ብዙ ጐብኚ ሳያየው ወደ ባሕሩ ዳር ይሮጣል።

በ1896 እንግሊዞች ከሞምባሳ ተነሥተው ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ምድር ባቡር መዘርጋት ጀመሩ፥ በ1901ም ከሐይቁ ደረሱ። ለሥራው ከህንድ ከ30000 የሚበልጡ ሰዎች መጥተው 2500 ያህሉ ሞተዋል፤ በጻቮ የበሉአቸው ሁለት አንበሶች ታሪክ በዓለም ሁሉ ተሰምቷል፥ በበሽታና በአደጋ የሞቱት እጅግ የሚበዙት ግን ስማቸው አይነሣም። ኬንያ በ1963 ነጻነትዋን አገኘች። በ2017 ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ አዲስ ምድር ባቡር ተከፍቷል፤ መንገደኛው ጠዋት ተሳፍሮ በመስኮቱ የጻቮን ዝሆኖች እያየ ከቀትር በኋላ ይደርሳል።

ለጕብኝት የሚመቸው ጊዜ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ነው፤ ሙቀቱ ጥቂት ይበርዳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲትም ደረቅ ነው፥ ነገር ግን ፀሓዩ ይከብዳል። በሚያዝያና በግንቦት ብርቱ ዝናም ይዘንማል። በጥንቱ ከተማ ጠባብ መንገድ የተቀረጹ የእንጨት በሮችን እያዩ መሄድ ደስ ያሰኛል። በማታም ቡና ሻጮች በረጅም የናስ ጀበና ዝንጅብል ያለበትን መራራ ቡና ያቀርባሉ፤ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በትንሽ ሲኒ ቀስ ብሎ መጠጣት ነው። ሩዝን በኮኮናት ወተት ይቀቅሉታል፥ ሳምቡሳቸውንም ሳምቡሳ ብለው በዚሁ ስም ይጠሩታል። ሴቶች ካንጋ የሚባል ጨርቅ ይለብሳሉ፤ በጨርቁ ጠርዝ ምሳሌ ታትሞበታል፥ አንዲት ሴት ለጎረቤትዋ በአፍ የማትናገረውን በልብስዋ ትነግራታለች።

በዚህ ሰፈር የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው እስላም ነው። ለባሕር መታጠቢያ የተለበሰውን ልብስ ለብሶ በመስጊድ ደጅ ማለፍ ነውር ነው፤ ሰውንም ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት እንደዚሁ። በባሕሩ ዳር ደግሞ ዛጎልና ኮራል ይዘው ለመሸጥ የሚመጡ አሉ። አለመግዛት ይሻላል፤ ማዕበሉን የሚያግደው ቅጥር በጥቂት በጥቂቱ ተሰብሮ ካለቀ አሸዋውም ከባሕሩ ዳር ያለውም ቤት አይቀርም። ስለዚህም የሞምባሳ የባሕር መናፈሻ በ1986 ተከልሏል። ከዚህ የሚበልጠው ነገር የልጆች ነገር ነው። በትምህርት ሰዓት ለሚለምን ልጅ ገንዘብ የሚሰጥ እንግዳ ምጽዋት የሰጠ ይመስለዋል፤ ልጁ ግን ነገም ትምህርት ቤቱን ትቶ ወደዚያው ይመጣል፥ ከነገ ወዲያ የሚያገኘውም እንግዳ ክፉ አሳብ ያለው ሊሆን ይችላል። ሊረዳ የሚወድ ትምህርት ቤት ጠይቆ ለመምህሩ ይስጥ።

በባምቡሪ ለሲሚንቶ የሚሆን ድንጋይ ተቈፍሮ የቀረ ሣር የማይበቅልበት ነጭ ምድረ በዳ ነበረ። ሬኔ ሃለር የተባለ የስዊስ ተወላጅ የእርሻ ዐዋቂ በ1971 ገደማ 26 ዓይነት ዛፍ ተከለበት፤ ሦስት ዓይነት ብቻ በቀሉለት። ከሦስቱ የበረታው ካዝዋሪና የሚባለው ነበረ፤ ቅጠሉ ግን ወድቆ አልበሰብስ አለ። ሃለርም አንድ ቀን ሺ እግር የሚባለው ትል ያን ቅጠል ሲበላ አየና ብዙ ሰብስቦ አመጣ፤ ትሎቹም ቅጠሉን እየፈጩ አፈር አደረጉት። ዛሬ ስፍራው ጫካ ነው፥ በስሙም ሃለር ፓርክ ይባላል።

በ2004 በታኅሣሥ ወር በህንድ ውቅያኖስ ታላቁ የባሕር መናወጥ በሆነ ጊዜ፥ በማሊንዲ አጠገብ አንድ የጉማሬ ግልገል ከመንጋው ተለይቶ በኮራሉ ቅጥር ላይ ብቻውን ተገኘ። ዐሣ አጥማጆችና የመንደሩ ሰዎች ደክመው በመረብ አወጡት፥ ወደ ሃለር ፓርክም ወሰዱት፤ ኦወንም ተባለ። እዚያም ዕድሜው 130 ዓመት ያህል የተገመተ ታላቅ ዔሊ ነበረ፤ ስሙ ምዜ ነው፥ በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው። ግልገሉ እንደ ተፈታ ሮጦ ከዔሊው ኋላ ተሸሸገ። ሽማግሌው በመጀመሪያ ተቈጣ፥ ራቅ ብሎም ሄደ፤ ግልገሉ ግን ተከተለው። በነጋ ጊዜ ጠባቂዎቹ ሁለቱን ጐን ለጐን ተኝተው አገኙአቸው። ከዚያ በኋላ አብረው ይበሉና አብረው በውሃ ይገቡ ነበር፤ ጥቂት ዓመት ቈይቶም ጉማሬው ስላደገ ሌላ የዘሩ ጓደኛ ተፈለገለትና ከዔሊው ተለየ።